ቆሞ ቀር

የወንድሜ ልጅ ደወለች። «ጋሼ፣ ሐሙስ ማታ ቦሌ ኔትወርኪንግ አለን፤ ይምጡ» አለችኝ። «ልጄ፣ እኛ ሰፈር ኔትወርክ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው» አልኳት። ሳቀችብኝ። ለካ የሕግ ሰዎች፣ ለሕግ ሥራ ሶፍትዌር የሚሠሩ ልጆችና አሠልጣኞች ሻይ ቡና እያሉ የሚተዋወቁበት ምሽት ነው። «ካዥዋል ነው፤ እንዳይጨነቁ!»

እኔ የማውቀው ኔትወርክ ስም ማጥፊያ ነበር። በኢሕአዴግ ጊዜ «እገሌ ኔትወርክ ዘርግቷል» የተባለ ሰው ግምገማ ላይ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ሂስ ይወርድበታል። ዛሬ ተመዝግበው ይዘረጉታል።

ሄድኩ። ሙሉ ልብስ፣ ከረባት፣ የተወለወለ ጫማ። በር ላይ አንዲት ልጅ ስሜን ጠይቃ ወረቀት ላይ ጻፈችና ደረቴ ላይ ለጠፈችልኝ። አርባ ዓመት መዝገብ ሳስከፍት ኖሬ በመጨረሻ እኔው መዝገብ ሆንኩ፤ የቀረኝ ቁጥር ብቻ ነው። ውስጥ ሁሉም ሸራ ጫማ፣ ሁሉም ቲሸርት። ሁሉም ቆሟል። ወንበር ብፈልግ የለም። «ሰው እንዲዘዋወር ነው» ተባለ። በእኔ ዕድሜ ቆሜ የምሰማው ቅዳሴና ፍርድ ብቻ ነው።

ስንጥር ላይ የተሰካ ሥጋ ዞረ። ጉሮሮዬ ሳያውቀው ወረደ።

አንዱ ጎረምሳ እጁን ዘርግቶ «ብሮ፣ ምን ላይ ነው የምትሠራው?» አለኝ። ብሮ! «ነገር ላይ» አልኩት። ስልኩን አወጣና «ስካን አድርገኝ» አለ። የማን ልጅ እንደሆነ፣ አገሩ ወዴት እንደሆነ ሳይነግረኝ ሄደ፤ ስልኬ ውስጥ ግን ገብቷል አሉ። ቀጥሎ «እያንዳንዱ በስልሳ ሰከንድ ራሱን ያስተዋውቅ» ተባለ። እኔ እኮ «የተከበረው ፍርድ ቤት» ብዬ መነጽሬን እስካደርግ ስልሳው ያልቃል። ከዚያ አንድ አሠልጣኝ ማይክ ይዞ «ቴክኖሎጂ የማይቀበል ጠበቃ ቆሞ ቀር ነው!» አለ። ዙሪያዬን አየሁ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ያልቀረ ማን ነበር?

ሐሜት ብቻ እንዳይሆንብኝ አንድ ነገር ልመስክር። አንዲት ልጅ እኔ ሳምንት ሙሉ ሳገላብጥ የከረምኩበትን የሰበር ውሳኔ ከነቅጹ ስልኳ ላይ አወጣችው። ሻዬ እንኳ አልቀዘቀዘም። ቀናሁ። አሠልጣኞቹም ቢሆኑ ሥልጠናውን ከራሳቸው አላመጡትም፤ በ2013 የወጣው የጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249 እኛን ሽማግሌዎቹንም ተከታታይ ሥልጠና ውሰዱ ብሎናል።

ግን ያ ብሮ ባዩ ተመልሶ መጣ። ውል የሚያረቅ ማሽን ሠርቷል። የቤት ሽያጭ ውል አስረቀቅኩት። አማርኛው ያምራል፤ ከእኔም ይሻላል። የምስክር ቦታ ግን የለውም። «ልጄ፣ በጽሑፍ መሆን ያለበትን ውል ሁለት ምስክሮች ካልፈረሙበት አይጸናም፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1727፣ ከ1952 ጀምሮ» አልኩት። ማሽኑን መልሶ ጠየቀው። ማሽኑ ይቅርታ ጠየቀና ያልተወለደ አዋጅ ጠቀሰልን። የሚዋሸው በትሕትና ነው፤ እንዲህ ያለውን ምስክር መስቀለኛ ጥያቄ አይበግረውም። ኒውዮርክ ላይ በ2015 ሁለት ጠበቆች ቻትጂፒቲን አምነው ያልተፈረደ ፍርድ በመጥቀሳቸው ከነቢሮአቸው 5 ሺህ ዶላር መቀጣታቸውን ነገርኩት። «እሱ የድሮው ቨርዥን ነው» አለኝ።

እኛ የምንተዋወቀው ልደታ ፍርድ ቤት በር ላይ፣ ራፖር ጸሐፊዎቹ ጃንጥላ ሥር ነበር። ችሎት ውስጥ ስንሞላለጭ እናረፍዳለን፤ ቀጠሮ ሲሰጠን ወጥተን አንድ ሽሮ ላይ እንቀርባለን። ተቀምጠን! ስድስት ዓመት በአንድ የድንበር ክርክር ያንገበገበኝ ጠበቃ ዛሬ የልጄ ክርስትና አባት ነው። ያንን ማን ስካን ያደርገዋል?

ስለዚህ ከአዘጋጆቹ የምጠይቀው ዳኝነት፦ ለሚቀጥለው ሐሙስ ወንበር እንዲቀርብ፣ ሥጋው ከስንጥሩ እንዲበልጥ፣ ስልሳ ዓመት ያለፈውን ሰው «ብሮ» ማለት እንዲታገድ፣ የታክሲ ወጪና ኪሳራዬም እንዲተካልኝ ነው። ከላይ የገለጽኩት ሁሉ እውነት መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ።