የአብራሪን የበረራ መዝገብ በርካሽ አትሞ ስለ መጠረዝ፦ መጠነኛ ጥናት

ሀ. የጥናቱ መነሻ

የዘመኑ አብራሪ ከወረቀት ተፋቷል። ካርታውም፣ መመሪያውም፣ የአየር ትንበያውም ታብሌት ውስጥ ገብቷል። ሎግ ቡኩም ኤሌክትሮኒክ ሆኖ ሰዓቱን ራሱ ይደምራል፤ የሌሊቱን በረራ ከቀኑ ይለያል። ይሁን እንጂ አብራሪው ለሥራ ፈተና ሲጠራ ፈታኙ ወረቀት፣ ከወረቀቱም ላይ ፊርማ ማየት ይሻል። ስለዚህ 300 መንገደኛ በአደራ የሚሰጠው ሰው ፍላሹን ይዞ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሰለፋል። ጥናታችን የሚጀምረው ከዚህ ሰልፍ ነው።

ለ. የውፍረት ሕግ

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለአየር መንገድ አብራሪነት ፈቃድ ቢያንስ 1,500 የበረራ ሰዓት ይጠይቃል። ሁለት ትይዩ ገጾች 12 በረራ ይይዛሉ እንበል። ሰዓቱን በየአንድ ሰዓት በረራ ያጠራቀመ አብራሪ 1,500 መስመር፣ ማለትም 250 ገጽ ያሳትማል። በየ15 ሰዓት በረራ ያጠራቀመው ግን 100 መስመር ብቻ ስላለው በ18 ገጽ ይገላገላል። የሚከተለው ሕግ ግልጽ ነው፦ አብራሪ ርቆ በሄደ ቁጥር መጽሐፉ ይቀጥናል። ውቅያኖስ ሲሻገር የኖረው ቀጭን ደብተር፣ ከሜዳው ሳይርቅ ሲነሣና ሲያርፍ የኖረው ደግሞ ድርሳን ተሸክሞ ይቀርባል።

ሐ. የፊትና የጀርባ ችግር

የአንድ በረራ መስመር ከግራ ገጽ ይጀምራል፦ ቀን፣ አውሮፕላን፣ መነሻ፣ መድረሻ። ከዚያ ወደ ቀኝ ገጽ ይሻገራል፦ የሌሊት ሰዓት፣ የዋና አብራሪነት ሰዓት፣ አስተያየት። ሁለቱ ገጾች ካልተያዩ መዝገቡ ትርጉም የለውም። ፋይሉ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ፊትና ጀርባ ከታተመ ግን በረራው ከወረቀቱ ፊት ተነሥቶ ሰዓቱ ጀርባው ላይ ይቆጠራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከመጀመሪያው አንድ ባዶ ገጽ ማስገባት። የኮፒ ቤቱ ልጅም በቅን ልቦና «ባዶ ወረቀት ገብቶብሃል» ብሎ አውጥቶ ይጥለዋል።

መ. የጥረዛ ዓይነቶች

ስቴፕለር፦ ከሁሉም ይረክሳል። ከተማሪ አብራሪነት ዘመን አያልፍም።

ክላሰር፦ በየወሩ ገጽ ለመጨመር ይመቻል። ፈታኙ ግን የሚጨመር ገጽ የሚቀነስም መሆኑን ያውቃል።

ስፓይራል፦ ሲዘረጋ ጠረጴዛ ላይ ይተኛል፤ በዋጋው ከዚህ የሚሻል የለም። ጉዳቱ የወረዳ የሩብ ዓመት ሪፖርት መምሰሉ ነው።

ሙጫ፦ መካከሉ በደንብ አይከፈትም። ወደ መካከሉ የተጠጉት ዓምዶች ተውጠው ይቀራሉ፤ አብራሪው የበረረውን ሰዓት ሙጫ ይወስደዋል።

ሃርድ ከቨር፦ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጠረዝበት፣ ጥቁር ልባስ በወርቃማ ፊደል። እጅግ ያምራል። አንዴ ከተዘጋ ግን አዲስ በረራ ስለማይቀበል ለጡረተኞች እንመክረዋለን።

የብራና ጠራዦቻችን ነገሩን አውሮፕላን ሳይኖር ፈትተውታል፦ የእንጨት ገበታ፣ በክር የተሰፋ፣ ጀርባው ሙጫ ያልነካው፣ ሲገለጥ የሚዘረጋ። ማኅደሩም ከትከሻ ይንጠለጠላል። ሆኖም ለ250 ገጽ የሚያስፈልገው የፍየል ብዛት «በርካሽ» ከሚለው ርዕሳችን ያስወጣናል።

ሠ. ማጠቃለያና ምክረ ሐሳብ

ፈታኙ መዝገቡን የሚገልጠው ከመጨረሻው ነው። ጠቅላላ ድምሩን ያያል፤ ከመካከል አንድ ሁለት ገጽ ገልጦ ፊርማ መኖሩን ያረጋግጣል፤ ይዘጋዋል። በመሆኑም የመጨረሻው ገጽ በወፍራም ነጭ ወረቀት፣ የቀረው በተገኘው ይታተም። የቀረው ይቅር ግን አንልም፤ 1,500 የሚለው ቁጥር ከሥሩ ክምር ወረቀት ከሌለ ማንም አያምነውም። የኮፒ ቤቱ ማሽን ቀለሙ እየሳሳ ከሆነ ደግሞ ኅትመቱ ከመጨረሻው ገጽ ይጀመር።