የኮሪያና የጃፓን ምግብ ቤት አመራረጥ በዋይኪኪ፦ ለጀማሪዎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

ዋይኪኪ በሀዋይ፣ በኦዋሁ ደሴት ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኝ የሆኖሉሉ ሰፈር ነው። እስከ 1920ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አብዛኛው ቦታ ረግረግ፣ የዓሣ ኩሬና የሩዝ ማሳ ነበር። የአላ ዋይ ቦይ ተቆፍሮ ውኃው ሲንጠፈጠፍ ሆቴል ይበቅልበት ጀመር። ዛሬ ካላካዋ ጎዳና በባሕሩ በኩል፣ ኩሂዮ ጎዳና ከጀርባው ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ የኮሪያና የጃፓን ምግብ ቤቶችም በሁለቱ ዙሪያ ታጭቀዋል። በዚህ ጽሑፍ «አመራረጥ» የሚባለው አንድ የተራበ ቡድን ከሆቴሉ በር ከወጣ ጀምሮ ወንበር ስቦ እስኪቀመጥ ያለው ሂደት ነው። መብላቱ ከዚህ ጋር ሲተያይ አጭር ስለሆነ ሰፊ ቦታ አልተሰጠውም።

ምግብ ቤቶቹ በአጋጣሚ የመጡ አይደሉም። የሀዋይ ንጉሥ ዴቪድ ካላካዋ በ1881 ዓለምን ሲዞሩ ጃፓን ደርሰው ከንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ጋር ተገናኝተዋል፤ ከጉዞው ዓላማዎች አንዱም ለሀዋይ የሸንኮራ እርሻዎች ሠራተኛ ማግኘት ነበር። በ1885 በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት የተቀጠሩት የመጀመሪያዎቹ ጃፓናውያን ሆኖሉሉ ገቡ። ኮሪያውያን በጃንዋሪ 1903 ጌሊክ በተባለች መርከብ ተከተሉ። በመሆኑም በንጉሡ ስም በተሰየመው ጎዳና ላይ ቆሞ ራመን የሚባለውን የኑድል ሾርባ የሚጠብቅ ቱሪስት የንጉሡን የውጭ ጉዳይ ፖሊሲ ውጤት እየጠበቀ ነው። ወረፋው ግን በስምምነቱ ውስጥ አልተጠቀሰም።

የአመራረጡ የመጀመሪያ ደረጃ አንድ ቤት የኮሪያ ይሁን የጃፓን መለየት ነው። የታወቀ ዘዴ አለ። በኮሪያ ቤት ቾፕስቲኩ ብረት ነው፤ ማንኪያ አብሮ ይቀርባል፤ የሩዙ ሳሕን ከጠረጴዛው አይነሣም። በጃፓን ቤት ቾፕስቲኩ እንጨት ሆኖ ጫፉ ሾጠጥ ይላል፤ ሳሕኑን ወደ አፍ አንሥቶ መብላት ነውር የለውም። ዘዴው አስተማማኝ ነው። ጉድለቱ ሊሠራበት የሚችለው ከተቀመጡ በኋላ መሆኑ ብቻ ነው።

ከውጭ ሆኖ መለየት ለሚፈልግ በጢስ መመራት ይመከራል። በጠረጴዛው መካከል እሳት ካለና በላዩ የጢስ መሳቢያ ከተንጠለጠለ ቤቱ የኮሪያ ነው ተብሎ ይወሰዳል። ይሁንና ጃፓኖች ያኪኒኩ የሚሉት የጠረጴዛ ጥብስም እንዲሁ ይጤሳል፤ በጃፓን እንዲስፋፋ ያደረጉት ደግሞ እዚያው የኖሩ ኮሪያውያን ናቸው። ሀዋይ ጉዳዩን የበለጠ አወሳስባዋለች። ስስ የበሬ ሥጋ በእንቁላል ተነክሮ የሚጠበሰው ሚት ጁን በሆኖሉሉ የኮሪያ ቤቶች የዘወትር ምግብ ነው፤ ከሴኡል የመጣ እንግዳ ግን ሜኑው ላይ ሲያየው አስተናጋጇን ምን እንደሆነ ሊጠይቃት ይችላል። «ትክክለኛውን የኮሪያ ምግብ» ፍለጋ የወጣ ቡድን በዚህ ነጥብ ላይ ሲከራከር አንድ ሙሉ የትራፊክ መብራት ያልፈዋል።

ሁለተኛው ማስረጃ መስኮቱ ነው። ኢዋሳኪ ታኪዞ የተባለ ጃፓናዊ በ1932 ኦሳካ ውስጥ ከሰም የተሠራ ምግብ ለምግብ ቤቶች የማቅረብ ሥራ ጀመረ፤ በኋላ ሰሙ በፕላስቲክ ተተካ። እንዲህ ያለ ሰው ሠራሽ ምግብ የተደረደረበት መስኮት ያለው ቤት ለመራጩ ትልቅ ውለታ ይውላል፤ የሳሕኑ ስፋት፣ የሽሪምፑ ቁጥር፣ የእንቁላሉ ብስለት በዝርዝር ይታያል። ቡድኑም ከመስታወቱ ፊት ቆሞ በጣቱ እየጠቆመ ሰፊ ውይይት ያደርጋል፤ ከዚያም ሌላውን መስኮት ለማየት ይሄዳል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው ማስረጃ ወረፋ ነው። የወረፋ ጥናት በዋይኪኪ የራሱ ማዕከል አለው፦ በ2011 ኩሂዮ ጎዳና ላይ የተከፈተው ማሩጋሜ ኡዶን። ቤቱ የጃፓን ኩባንያ ቅርንጫፍ ነው። ኡዶን የሚባለው ወፍራም የስንዴ ኑድል እዚያው በሰው ፊት ተዳምጦ ይቆረጣል፤ ዋጋውም ለሰፈሩ ርካሽ ነው። ሰልፉ ከበር ወጥቶ በእግረኛ መንገዱ ላይ ይዘረጋል። ሥራ የሌለው መንገደኛ በሰልፉ ጫፍ የቆመውን ሰው «ይህ የምን ወረፋ ነው?» ሲለው ሰውየው ከፊቱ የቆመውን ይጠይቃል። መልሱ ከበሩ ተነሥቶ ኋላ እስኪደርስ ጠያቂው ራሱ ተሰልፎ ይገኛል፤ ከኋላውም ሁለት ሰው ጨምሯል።

ጠንቃቃ መራጭ በወረፋው ርዝመት ብቻ አይረካም፤ የቆሙትን ፊት ይመረምራል። በጃፓን ቤት ደጅ ጃፓናውያን ከበዙ፣ በኮሪያ ቤት ደጅ የኮሪያ አሮጊቶች ከታዩ ማስረጃው ጸና ይባላል። ይህ ድምዳሜ ጥንቃቄ ይሻል። ከቶክዮ ትናንት የገባ ሰው ለዋይኪኪ እንደማንኛውም ቱሪስት እንግዳ ነው፤ የቆመውም ሌሎች ቆመው ስላየ ነው። የኮሪያ አሮጊቶቹ ግን የተለየ ክብደት አላቸው፤ ወረፋ ረዝሞ ካዩ ጥለው የሚሄዱ ስለሆኑ መቆማቸው ራሱ ዜና ነው።

ስልክ እንደ ማስረጃ የሚቆጠረው በግማሽ ነው። መራጩ ምስጋና የሞላባቸውን አስተያየቶች በጥርጣሬ ያልፋል፤ አንድ ኮከብ የሰጠውን ሰው ግን ፈልጎ በጽሞና ያነበዋል። ሰውየው ያማረረው መኪና ማቆሚያ በማጣቱ ነው። መራጩ የመጣው በእግሩ፣ ያውም በነጠላ ጫማ ነው። ቤቱ ግን ከዝርዝሩ ይሰረዛል።

ማስረጃው ሁሉ ከተሰበሰበ በኋላ ውሳኔ የሚሰጠው ማነው የሚለው ጥያቄ ይነሣል። በቡድን ውስጥ በይፋ የሚመርጠው ሳምንት ሙሉ ያጠናው ሰው ነው። እውነተኛው ሥልጣን ግን «እኔ የተገኘውን እበላለሁ» ባለው ሰው እጅ ነው። ይህ ሰው ሱሺ ሲባል ትናንት በልቻለሁ ይላል፤ ጥብስ ሲባል ልብሴ ይሸታል ይላል፤ ራመን ሲባል በዚህ ሙቀት ሾርባ ወይ ብሎ ዝም ይላል። የራሱን ሐሳብ አቅርቦ ስለማያውቅ ሊሸነፍ አይችልም። ከእሱ በላይ ሥልጣን ያላት «እግሬን አመመኝ» የምትለው ትልቅ እናት ብቻ ናት። እናትየው ይህን ያለችበት ቦታ፣ ያለ ተጨማሪ ክርክር፣ ምግብ ቤቱ ነው።

ፀሐይም ድምፅ አላት። ቀን በባሕሩ ዳር ትከሻው የተላጠ ሰው ማታ ከፍም አጠገብ መቀመጥ አይፈልግም። የኮሪያ ጥብስ ቤት ዕድል እንግዶቹ በመጡበት ቀን ሰፊ ሆኖ በማግሥቱ የሚጠበው በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

መቀመጥ ምርጫውን አይጨርሰውም። በኮሪያ ቤት ባንቻን የሚባሉ ትናንሽ ማባያዎች ያለ ክፍያ ይደረደራሉ፤ ሲያልቁም ይሞላሉ። ልምድ ያለው ተመጋቢ ሳይቀምስ ይቆጥራቸዋል፤ ከትናንቱ ቤት ካነሱ ፊቱ ይጠቁራል። ከዚያ መቆንጠጫና መቀስ ይመጣል። መቀሱን የያዘ ሰው ሥጋው ይገልበጥ አይገልበጥ የሚለውን ለብቻው ስለሚወስን፣ በጎዳናው ላይ የተሸነፉ ወገኖች ወደ መቀሱ ቶሎ እጃቸውን ሲሰዱ ይታያል። በጃፓን ቤት በኩል ሁለት መፍትሔዎች ተገኝተዋል። አንዱ ሺራይሺ ዮሺያኪ በ1958 በኦሳካ የጀመረው፣ ከቢራ ፋብሪካ የጠርሙስ ማጓጓዣ የተቀዳው ተሽከርካሪ ሱሺ ነው፤ ሳሕኖቹ ራሳቸው በተመጋቢው ፊት ያልፋሉ፤ እሱም የሚመጣው ይሻላል እያለ ያሳልፋቸዋል። ሁለተኛው ኦማካሴ ነው፤ የሚበላውን ሼፉ ይመርጣል። አለመምረጥ በዋይኪኪ ከሚሸጡት ነገሮች ከውዶቹ አንዱ ነው።

ከአሜሪካ ከተሞች ለዕረፍት የሚመጣ ኢትዮጵያዊ የራሱ ንዑስ ክፍል ያስፈልገዋል። ጿሚ ከሆነ በቶፉ ላይ ተስፋ ይጥላል፤ የኮሪያው የቶፉ ወጥ ግን ብዙ ጊዜ እንቁላል ተሰብሮበት ይመጣል፤ ኪምቺ በሚባለው የጎመን ማባያ ውስጥ የተቦካ ሽሪምፕ ሊኖር ይችላል፤ የጃፓኑ ሾርባ መረቅም ብዙ ጊዜ ከደረቀ ዓሣ የሚወጣ ነው። በፍስክ ሰሞን ነገሩ ይገለበጣል። በቀጭኑ የተከተፈ ጥሬ የበሬ ሥጋ በሰሊጥ ዘይት ታሽቶ፣ አስኳል ተቀምጦበት ሲቀርብለት (ኮሪያዎቹ ዩክሆ ይሉታል) ሩቅ አገር ዘመድ እንዳገኘ ሰው ይሆናል። ወዲያው ሚጥሚጣ ይጠይቃል።

ሂሳቡ ሲመጣ የኦዋሁ ታክስ 4.712 ከመቶ ይጨመርበታል። ጃፓን ውስጥ ጉርሻ አይሰጥም፤ ሀዋይ ግን አሜሪካ ስለሆነች ከ15 እስከ 20 ከመቶ ይጠበቃል። አንዳንድ ቤት የአገልግሎት ክፍያውን ቀድሞ ያስገባዋል፤ ይህን ያላስተዋለ እንግዳ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ ምስጋናውንም ሁለት ጊዜ ይቀበላል። ሂሳቡን ሁሉም እኩል ይካፈለዋል፤ የተገኘውን እበላለሁ ያለው ሰው ከሁሉ የበለጠ ማዘዙ በዚህ ሰዓት አይነሣም።

በመጨረሻ ከሆቴሉ ወጥቶ በአቅራቢያው ማዕዘን ካለው ሱቅ ስፓም ሙሱቢ የሚገዛ ሰው አለ። የተጠበሰ የቆርቆሮ ሥጋ በሩዝ ላይ ተደርጎ በባሕር ቅጠል ይጠቀለላል፤ ጥቂት ዶላር ያወጣል፤ ወረፋም ጉርሻም የለውም፤ እየተራመዱ ይበሉታል። ይህ ሰው ምግብ ቤት ስላልመረጠ ከጥናቱ ወሰን ውጭ ነው።