ሞተር በቁሙ እንዴት ይቀበራል

አሮጌዋ ዲኤክስ ጠዋት ስትነሳ «ቅጭ ቅጭ» ማለት ከጀመረች አትደንግጡ፤ የቴፑን ድምፅ ከፍ አድርጉና መስኮቱን ዝጉ። አብሯችሁ የተሳፈረ ሰው «ምንድነው የሚንኳኳው?» ካለ «ድሮም እንዲህ ናት» በሉት። ደግሞ ከጠየቀ በሚቀጥለው ቀን በታክሲ ይሂድ።

ድምፁ መቼ እንደሚመጣ በፍጹም አታስተውሉ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲሞቅ? ቆማችሁ ነው ወይስ ዳገት ስትወጡ? ፍሪሲዮን ስትረግጡ ይጠፋል? ነዳጅ ስትለቁ ይለወጣል? እነዚህን ያስተዋለ ሰው የመካኒኩን ግማሽ ሥራ ጨርሶ ይመጣል፤ እናንተ ግን ጋራዥ ስትደርሱ «ድምፅ አላት» ብላችሁ ቁልፉን አስረክቡና ቡና ልትጠጡ ሂዱ። «ምን ዓይነት ድምፅ?» ብሎ ከተከተላችሁ፣ መካኒኩ እሱ መሆኑን አስታውሱት።

ከጋራዥ በፊት ግን ኮፈኑን መንገድ ዳር መክፈት ግድ ነው፤ አለበለዚያ አዋቂው እንዴት ይመጣል? አዋቂውን ሁላችንም እናውቀዋለን። እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ገና ሦስት ሜትር ሲቀረው «ቢዬላ ነው» ይላል። ሞተሩ ጠፍቷል እኮ! ቢሆንም ይሁን በሉት።

አዋቂው እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ ምክሩ ይበዛል። አንደኛ፣ ከመስማታችሁ በፊት ፍረዱ። ከሰማችሁ በኋላ የምትፈርዱ ከሆነ ከማን ተሻላችሁ? ሁለተኛ፣ የአጎታችሁ መኪና እንዲህ ብላ ሞተሯ እንደወረደ ተርኩ፤ የአጎታችሁ መኪና ናፍጣ መሆኗን አትንገሩ። ሦስተኛ፣ ረጅም ካቻቢቴ ይዞ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ እንደ ሐኪም የሚያዳምጥ የጋራዥ ልጅ ካያችሁ ሳቁበት። ልጁ ካቻቢቴውን ከላይ ወደ ታች፣ ከቴስታታው ወደ ኮፓው እያንቀሳቀሰ ድምፁ የሚጎላበትን ቦታ ይፈልጋል። ቀጥሎ የካንዴላ ገመዶቹን በጥንቃቄ አንድ በአንድ እየነቀለ፣ የትኛው ሲነቀል ድምፁ እንደሚቀንስ ያያል። አስቁሙት፤ ሊያገኘው ነው።

እስቲ አሁን በእውነት እንነጋገር፤ ከላይ የሚመጣ ቀጭን ቅጭቅጭታና ከታች የሚመጣ የጠለቀ ዱብዱብታ አንድ ነው እንዴ? ካምሻፍቱ የሚዞረው ክራንኩ ሁለቴ ሲዞር አንዴ ነው። ስለዚህ የአንድ ቫልቭ ድምፅ በሞተሩ ግማሽ ፍጥነት፣ ቀለል ብሎ ይሰማል፤ ብዙ ጊዜም ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰችውን የቫልቭ ክፍተት በማስተካከል ያልቃል። ቢዬላ ግን ጭነት ሲበዛበት ይጮኻል፤ ገመዱ ሲነቀልም ይለዝባል። አንዱ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው፤ ሌላው የቤት ኪራይ ያስበላል። ባለመኪናው ይህን ሳያውቅ ሞተር የሚያስወርደው እናንተ ሳትሰሙ ስለፈረዳችሁ ነው! ያ የጋራዥ ልጅ ደግሞ ሁለተኛ አፉን አይከፍትም።

ወደ ምክራችን እንመለስ።

ዘይት አትለኩ። መለኪያው ዘንግ ከቦታው ከወጣ ቅዝቃዜ ይገባል በሉ። ቀዩ የዘይት መብራት ሲበራ «ሴንሰሩ ነው» ብላችሁ እስከ ቤት ንዱ። አይ፣ ይህንስ በቀልድም አልልም፤ ሞተሩ እየሠራ ያ መብራት ከበራ ዳር ይዛችሁ ወዲያው አጥፉ። ያለ ዘይት ግፊት ብረት ብረትን ለመብላት ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል፤ የብዙ ሰው ቤተሰብ የሚበላው በዚችው በአሮጌዋ ነው።

ዕቃ ግን በብዛት ግዙ። ሳትመረምሩ ሶማሌ ተራ ውረዱና ዲናሞ፣ የውሃ ፓምፕ፣ ቺንጋ በየሳምንቱ እየቀያየራችሁ ድምፁ እስኪጠፋ ጠብቁ። ጠዋት ጠዋት የሚጮኸው ቺንጋ ላይ ጠብታ ውሃ ቢረጭበት ድምፁ ስለሚለወጥ ጥፋተኛው ወዲያው ይታወቃል፤ ስለዚህ ውሃ አታስጠጉት። የማርሚታውን ብሎኖችም አትነካኩ፤ የላላ ብሎን አጥብቆ የሚመለስ ሰው ምን ወሬ ይኖረዋል?

ቆላ ስትወርዱ ሌላ ዕድል አለ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊትም ስለሚቀንስ፣ የማቀጣጠያ ሰዓቱ የተዛባ ሞተር እንኳ ዝም ሊል ይችላል። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዳችሁ፣ ሙሉ ጭነት ይዛችሁ የደጀንን ዳገት ስትጀምሩ ነው «ቅርርር» የሚለው። ያኔ ማርሽ አትቀንሱ፣ ከነዳጁም አትልቀቁ። በአራተኛ ማርሽ እስከ መጨረሻው ርገጡ። ፒስተን የሚበሳው እንዲህ ነው፤ ተሳፋሪውም በበረሃው ፀሐይ ጎማ ላይ ተቀምጦ ጎታች መኪና ይጠብቃል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ድምፁ እምቢ ካለ መሸጥ ነው። ደላላው ያሳያችኋል፦ ወፍራም ዘይት ሞልቶ ዱብዱብታውን ያፍነዋል። ገዢው ገንዘቡን ከዕቁብ፣ ከዘመድ ለቃቅሞ፣ ልጆቹን ይዞ ሊሄድባት መሆኑን አትጠይቁ። ዐይኑን እያያችሁ እንዲህ የምታደርጉ ሰዎች ሌባ ከመባል ምን አዳናችሁ? ... ለማንኛውም ገዢው «ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ልያት» ካለ ጠዋት አይመቸኝም በሉት። ለዘጠኝ ሰዓት ቅጠሩት፣ ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ዙሩባት፣ ሲመጣም ቴፑ ተከፍቶ ይጠብቀው።