ዲግሪዎ ድንበር እንዳይሻገር ምን ያድርጉ?

ለካናዳ ማመልከት ከባድ ነው የሚሉትን አይስሟቸው። ማመልከትማ ኢንተርኔት ያለው ሁሉ ያመለክታል። ጥበብ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ስንት ሌሊት ያለ እንቅልፍ ያሳደረዎትን፣ ቤተሰብ ድንኳን ጥሎ ያስመረቀዎትን ዲግሪ ኢሚግሬሽኑ ፊት ሲደርስ ዜሮ ነጥብ እንዲያመጣ ማድረግ። ይቻላል። ብዙዎች ችለውታል። እርስዎም ይህን ምክር በጥሞና ከተከተሉ የማይሳካልዎት ምክንያት የለም።

መጀመሪያ አማካሪ ይምረጡ። የካናዳ ኢሚግሬሽን መመሪያውን በነጻ አውጥቶ አስቀምጦታል፤ በነጻ የተገኘ ነገር ግን ማን ያከብራል? የሚያስፈልግዎት ካልጋሪ ወይም ቶሮንቶ ከገባ የቆየ የአጎት ልጅ ነው። የቆየ ስል እ.ኤ.አ. ከ2013 በፊት የገባ ማለቴ ነው። እሱ «ምን ያስጨንቅሃል? እኔ ዲግሪዬን ፎቶ ኮፒ አድርጌ ነው የላክሁት» ይልዎታል። እየዋሸ አይደለም። ለፌዴራሉ የባለሙያዎች ፕሮግራም የሚያመለክት ሰው የውጭ አገር ትምህርቱን አስገምግሞ ሪፖርት ያምጣ የተባለው በ2013 ነው፤ አመልካቾችን በነጥብ የሚያወዳድረው ኤክስፕረስ ኢንትሪ ደግሞ በ2015 ተጀመረ። የአጎትዎ ልጅ የነገረዎት የራሱን ዘመን እውነት ነው። እርስዎ መቼ እንደሄደ አይጠይቁት፤ ነውር ነው።

በአግባቡ ለማበላሸት ግን የሚበላሸውን ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ኤክስፕረስ ኢንትሪ ውስጥ ብቻውን የሚያመለክት ሰው ለመጀመሪያ ዲግሪ 120፣ ለማስተርስ 135፣ ለዶክትሬት 150 ነጥብ ያገኛል። ነጥቡን የሚያገኘው ግን ስለተማረ አይደለም። ኢሚግሬሽኑ በስም የዘረዘራቸው ጥቂት ገምጋሚ ተቋማት አሉ፤ በእኛ ሰው አፍ የገባው «ዌስ» ነው። ተቋሙ ማስረጃውን መርምሮ «ይህ በካናዳ ከባችለር ዲግሪ ጋር እኩል ነው» የሚል ሪፖርት ይሰጣል፤ የሪፖርቱ ቁጥር ቅጹ ላይ ሲሞላ ነጥቡ ይመጣል። ሪፖርት ከሌለ እርስዎ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረሱም።

እንግዲህ ዌስ ጋ ሲገቡ ከአንድ በላይ የሪፖርት ዓይነት ይቀርብልዎታል። ለኢሚግሬሽን የሚለውን ይዝለሉትና ለሥራ ወይም ለትምህርት የሚለውን ይክፈሉ። ያምራል፣ ዝርዝር ነው፣ ኢሚግሬሽኑ ግን አይቀበለውም። ሐኪም ከሆኑ ደግሞ ሌላ ዕድል አለዎት። በሐኪምነት የሚያመለክትን ሰው ዲግሪ የሚገመግመው የካናዳ የሕክምና ምክር ቤት ነው፤ ለፋርማሲስቶችም የራሳቸው ፈታኝ ቦርድ አለ። እርስዎ ግን አካውንታንቱ ጎረቤትዎ ዌስ ልኮ ስለተሳካለት ዌስ ይላኩ። እሱ ከእርስዎ በምን ይበልጣል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ፤ ወደ እጅዎ።

ዌስ ትራንስክሪፕቱን የሚፈልገው ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር፣ በታሸገ ፖስታ፣ መዝጊያው ላይ ማኅተም አርፎበት፣ በቀጥታ ነው። ሌክቸር የገቡት እርስዎ፣ ላይብረሪ ያመሹት እርስዎ፣ ኤፍ አግኝተው ዕቃ ጠቅልለው ያለቀሱትም እርስዎ። ወረቀቱን መንካት የማይፈቀድለት ሰው በዓለም ላይ ቢፈለግ ግን የሚገኘው እርስዎ ነዎት። የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ይነካዋል፣ የዲኤችኤሉ ሞተረኛ ይነካዋል፤ ባለቤቱ ከነካው ይረክሳል። ይህን ስድብ በዝምታ አይለፉት። ፖስታውን ይክፈቱት። ያ የሲ ፕላስ ጉዳይ ተስተካክሎ እንደሆነ አይተው፣ በጥሩ ሙጫ መልሰው ያሽጉት። ማኅተሙ መሃሉ ላይ ትንሽ ቢሰነጠቅ ከቶሮንቶ ማን ልብ ይለዋል?

ፖስታ መክፈት ከከበደዎት ስቱደንት ኮፒውን ስካን አድርገው ይላኩ። የሚገርመው፣ ስቱደንት ኮፒው ላይ ያለው ውጤት ኦፊሻሉ ላይ ካለው በአንዲት ነጥብ አይለይም። ልዩነቱ ማን ላከው የሚለው ብቻ ነው። እኔ ይህን ነገር ባሰብኩት ቁጥር የሚቆጨኝ ለተማሪው ነው፤ በራሱ ውጤት ላይ ምስክር መሆን የማይችል ብቸኛ ሰው እሱ ነውና። ግን የፎርጅዱን ብዛት ሳይ ደግሞ ፈረንጆቹን እረዳቸዋለሁ። ወደ ምክሩ እንመለስ።

ማኅተም ይሰብስቡ። እኛ አገር ማኅተም የሌለው ወረቀት አፍ የለውም። ስለዚህ ዲግሪዎን ይዘው ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይሰለፉ፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይሰለፉ፣ ሰነዶች ማረጋገጫም አይቅርብዎ፤ ከዚያ በማኅተም የተጥለቀለቀውን ኮፒ በራስዎ ስም ወደ ካናዳ ይላኩ። ዱባይ ያለችው እህትዎ ያደረገችው ይህንኑ ነው፣ ተሳክቶላታልም። ኤምሬትስ ዲግሪን የሚቀበለው የተሰጠበት አገር ውጭ ጉዳይና የእነሱ ኤምባሲ ሲያረጋግጡት ነው፤ የባሕረ ሰላጤው አሠራር ማኅተሙን ያምናል። የሰሜን አሜሪካው ላኪውን ያምናል። ይህችን ልዩነት እስከ መጨረሻው ባያውቋት ድካምዎ ሁሉ ፍሬ አልባ ይሆንልዎታል።

ሬጅስትራሩ በቀጥታ ይላክ ካሉም ማበላሻ አይጠፋም። ዌስ ሲመዘገቡ የማመሳከሪያ ቁጥር ይሰጥዎታል፤ ቁጥሩ ትራንስክሪፕቱን ተከትሎ መሄድ አለበት። ለሬጅስትራሩ አይንገሩ። ፖስታው ባሕር ተሻግሮ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ይቀመጣል። ይህ ዘዴ በተለይ ደስ የሚለው፣ ዩኒቨርሲቲው «ልከናል» ይልዎታል፣ ዌስ «አልደረሰንም» ይልዎታል፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ውጭ አገር ሆነው የሚያመለክቱ ከሆነ ደግሞ ታናሽ ወንድምዎን ያለ ውክልና ይላኩት። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ይባላል፤ በሌላው ቀን «ውክልና ይዘህ ና» ይባላል። ውክልናውን ከኤምባሲ አውጥተው ሲልኩለት ውጭ ጉዳይ መረጋገጥ እንዳለበት አይንገሩት። ልጁ ከሥራ አስፈቅዶ ነው የሚመላለሰው፤ የታክሲም አይላኩለት።

እግረ መንገድዎን የወጪ መጋራቱን ነገር ይርሱ። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው የፈረመው ውል ነው፤ እርስዎም ግቢ የገቡ ሰሞን ስለ ዶርምና ስለ ሚል ካርድ እያሰቡ ፈርመዋል። ዕዳው ሳይዘጋ ኦርጅናል ዲግሪ አይወጣም፤ ጊዜያዊ ዲግሪውን፣ ቴምፖውን፣ ይዘው መዞር ብቻ ነው። ቴምፖው እንዳያረጅ ላሚኔት ያስደርጉት። ላሚኔት የሆነ ወረቀት ላይ ማኅተም እንደማያርፍ የሚነግርዎት ሰው መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ያገኙታል።

የተማሩት የግል ኮሌጅ ከሆነ ስለ እውቅና አይጠይቁ። እውቅና የሚሰጠው በበሩ ላይ ለተሰቀለው ስም ሳይሆን ለእያንዳንዱ ፕሮግራም፣ ለእያንዳንዱ ካምፓስና ለማስተማሪያው ዓይነት ነው፤ አዲስ አበባ በመደበኛ የተፈቀደለት ኮሌጅ ሌላ ከተማ በርቀት ሲያስተምር ሌላ ፈቃድ ይፈልጋል። ገምጋሚው ይህን ያጣራል። እርስዎ ግን ማስታወቂያውን በሬዲዮ ስለሰሙ በቂ ነው።

ስምዎን በተመለከተ ነጻ ይሁኑ። ፓስፖርቱ ላይ በ«ቲ» የሚጀምረው ፀጋዬ ዲግሪው ላይ በ«ኤስ» ይጀምር፤ ትራንስክሪፕቱ ላይ የአያት ስም ይቅር። የስም ለውጥ ማስረጃም ሆነ ከዩኒቨርሲቲው የማስተካከያ ደብዳቤ አያስፈልግም፤ አገር ያውቅዎታል። ዩኒቨርሲቲዎም ስም ቀይሮ ከሆነ አያብራሩ። ዲግሪው «ዓለማያ» ይላል፣ ፖስታው ከ«ሐረማያ» ይመጣል፤ ዲግሪው «ደቡብ ዩኒቨርሲቲ» ይላል፣ ፖስታው «ሀዋሳ»። ገምጋሚው እንቆቅልሽ ይውደድ አይውደድ ያኔ ይለያል።

ዘመን መቁጠሪያውንም አንዴ በእኛ አንዴ በእነሱ ይጻፉ። በ1980 ዓ.ም. ጥር ላይ የተወለደ ሰው ፓስፖርቱ 1988 ይላል፤ በ2003 ዓ.ም. ሐምሌ ተመርቋል። ቅጹ ላይ 1988 እና 2003 ብለው ይሙሉ፤ በ15 ዓመትዎ ኢንጂነር ይሆናሉ። ካናዳም ተአምር ትወዳለች፤ ብቻ ደብዳቤ ጽፋ ትጠይቃለች።

ይህ ሁሉ ሰለቸኝ ካሉ ዲግሪውን መግዛት ነው። ገበያው ሰፊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ኒው ዮርክ ታይምስ አክዛክት የተባለ የካራቺ ኩባንያ በመቶዎች በሚቆጠሩ የሐሰት ትምህርት ቤቶች ድረ ገጽ ዲግሪ ሲቸበችብ እንደነበር አጋልጧል። አገር ቤትም ሩቅ አይሄዱም። ሲያዙ «ደላላው ነው የሞላው» ይበሉ። የካናዳ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 40 ግን ቅጹን ማን ሞላው ብሎ አይራራም፤ ሐሰት ያቀረበን ሰው ለ5 ዓመት በር ይዘጋበታል። በአንድ ወረቀት አምስት ዓመት ማበላሸት ከዚህ ጽሑፍ ምክሮች ሁሉ ፈጣኑ ነው።

አሜሪካን ለሚያስቡ አጭር ምክር። ዲቪ ከደረሰዎ ማስተርስዎን ከፍ አድርገው ይያዙ፤ የ12ኛ ክፍል ማስረጃዎን ያጥፉት። ዲቪ የሚጠይቀው ሁለተኛ ደረጃን ማጠናቀቅ ወይም ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ ሥልጠና በሚሻ ሙያ 2 ዓመት መሥራትን ነው፤ ለማስተርስ አንዲት ነጥብ የለውም። ከ10ኛ ክፍል ወጥተው የሙያ ዲፕሎማ ከያዙ ደግሞ እንደ 12ኛ ይቆጠርልኛል ብለው በሙሉ ልብ ይሂዱ፤ ለቀጣይ የአካዳሚክ ትምህርት መነሻ የማይሆን የሙያ ዲፕሎማ አይቆጠርም። በሥራ ቪዛ በኩል ከሆነም፣ ዲግሪ በብዙ ዘርፍ ወደ ሦስት ዓመት ባጠረበት ዘመን የተመረቁ ከሆነ፣ ለኤች ዋን ቢ የጎደለውን አንድ የትምህርት ዓመት በሦስት ዓመት የሥራ ልምድ መሙላት እንደሚቻል ጠበቃዎን አይጠይቁ። ካናዳ ያንኑ የሦስት ዓመት ዲግሪ ከአራቱ እኩል 120 ነጥብ መስጠቷም አይግረምዎት። አንድ ወረቀት ነው፤ በየአገሩ ሌላ ሰው ያደርግዎታል።

ሪፖርቱ በመጨረሻ በእጅዎ ከገባ፣ ይደሰቱና መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡት። የሚያገለግለው ከተሰጠበት ቀን አንስቶ 5 ዓመት ነው፤ ፕሮፋይል ሲከፍቱም ሆነ ማመልከቻውን ሲያስገቡ ያላለፈበት መሆን አለበት። የእንግሊዝኛውን ፈተና ነገ ከነገ ወዲያ እያሉ ያዘግዩት። እስከዚያ ዕድሜም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ በ20ዎቹ ውስጥ ያለ ብቸኛ አመልካች በዕድሜ ብቻ 110 ነጥብ አለው፣ 40 ሲሞላው 50 ይሆናል፣ በ45 ዜሮ። ሪፖርቱ በሚያረጅበት ቀን እርስዎም እኩል ያረጃሉ።

ይህን ሁሉ አድርገው አሁንም ካለፉ፣ ማለትም እንደ ምንም ቪዛው ከመጣ፣ አንድ የመጨረሻ ዕድል ይቀርዎታል። ግምገማው ለሥራ ፈቃድ ወይም ለሙያ ምዝገባ ዋስትና እንደማይሆን ኢሚግሬሽኑ ራሱ ጽፎ አስቀምጦታል። ያንን አያንብቡ። ለነጥብ የታወቀልዎት የነርሲንግ ዲግሪ ሆስፒታል በር ላይም ይታወቅልኛል ብለው ይሳፈሩ። የካናዳ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጥናት ከታክሲ ነጂዎች ግማሹ ስደተኞች ነበሩ፤ በመካከላቸው የሕክምና ወይም የዶክትሬት ዲግሪ የያዙ 200 ገደማ ሰዎች ተቆጥረዋል። ሐኪሙ የመጀመሪያውን የምክር ቤቱን ፈተና ካናዳ ሳይገባም መውሰድ ይችላል፤ ነርሷም ማስረጃዋን ማስገምገም ከአገር ቤት መጀመር ትችላለች። ኦንታሪዮ ከዲሴምበር 2023 ወዲህ ምህንድስናን የመሳሰሉ ፈቃድ የሚጠይቁ ሙያዎች «የካናዳ ልምድ አምጣ» እንዳይሉ ከልክላለች። እርስዎ ይህን ሁሉ ደርሰው ይወቁት፤ ሌሊት መጋዘን ሠርተው፣ ቀን የቤት ኪራይ እያሰሉ ሲያጠኑ ይገባዎታል።

የነርሶች ገምጋሚውም ቅጹን ይልክልዎታል። ያ ዌስ ጋ ያለው ትራንስክሪፕት አይሆንም፤ ትምህርት ቤቱ አዲስ ሞልቶ፣ በቀጥታ ለእኛ ይላክ ይላል። ለታናሽ ወንድምዎ ይደውሉለት፤ ያለፈው ውክልና ትራንስክሪፕቱን ለዌስ ለማስላክ ብቻ የተሰጠ መሆኑን ግን አይንገሩት።