ፎቶ ሰርቨር ላይ እንዳይገባ የማድረጊያ መላ

በፒኤችፒ የሠሩት ድረ ገጽ ፎቶ አልቀበል ብሏል እንበል። ፎርሙ ይሞላል፣ «በተሳካ ሁኔታ ተጭኗል» የሚለው አረንጓዴ ጽሑፍ ይወጣል፤ ፎልደሩ ግን ባዶ ነው። አረንጓዴው ጽሑፍ ምንም ይሁን ምን እንዲወጣ አድርገው የጻፉት እርስዎ ነዎትና እስካሁን ጥሩ ይዘዋል።

በቅድሚያ ሰርቨሩን አፉን ያስዘጉት። ፒኤችፒ ለዚሁ የሚሆን የ«አት» ምልክት አለው፤ ፋይሉን ከሚያዛውረው ፈንክሽን ስም ፊት ከለጠፉት ማስጠንቀቂያ አይወጣም። አለዚያ «እንዲህ የሚባል ፎልደር የለም» ብሎ ሙሉ አድራሻውን ይዘረግፍና ሥራዎ ወዲያው ያልቃል። ፒኤችፒ የሚሰጠውን የስህተት ቁጥርም አይዩት። 1 ፋይሉ ከተፈቀደው መጠን መብለጡን፣ 3 ከፊሉ ብቻ መድረሱን፣ 6 ጊዜያዊው ፎልደር መጥፋቱን፣ 7 ዲስክ ላይ መጻፍ አለመቻሉን ይናገራል። ይህን ያህል ግልጽነት የግምትን ጣዕም ያጠፋል።

አሁን ፋይሉ ወደሚቀመጥበት አድራሻ። ላፕቶፕዎ ላይ የሠራውን፣ በ«ዛምፕ» ፎልደር የሚያልፈውን የሲ ድራይቭ አድራሻ እንዳለ ወደ ሊኑክስ ሰርቨር ይውሰዱት። ሊኑክስ ሲ ድራይቭ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ይማር! አድራሻው የተጻፈበትን ነጠላ ጥቅስ በድርብ ጥቅስ ቢቀይሩት ደግሞ ላፕቶፑም ላይ መሥራቱን ያቆማል፦ ከባክስላሽና ከኤክስ ቀጥሎ «ኤ» ሲመጣ ፒኤችፒ የፊደል ኮድ መስሎት አዲስ መስመር ይጀምራል፣ ከ«ዛምፕ» ፎልደርም ጭራው ብቻ ይተርፋል። ይህን በዓይን ፈልጎ ማግኘት ሌሊት ይፈጃል፤ እኔ በበኩሌ ከዚህ የተሻለ ወጥመድ አላየሁም።

ሊኑክስ አውቃለሁ የሚሉ ከሆነ አድራሻውን በስላሽ ይጀምሩ። ብሮውዘር ላይ ስላሽ የድረ ገጹ መነሻ ነው፤ ለስክሪፕቱ ግን የዲስኩ ሥር ነው። ስለዚህ በድረ ገጽዎ ውስጥ ያለውን «አፕሎድስ» ፎልደር ትቶ ዲስኩ ሥር ሌላ «አፕሎድስ» ሲፈልግ ይውላል። ፎልደሩ ከሌለ ራሱ ይፈጥረዋል ብለው ይጠብቁ፤ አይፈጥርም። ስክሪፕቱ ሲያበቃ ካልተዛወረ ጊዜያዊው ፋይልም ይሰረዛል፣ ማስረጃ አይተርፍም። ስክሪፕቱ ያለበትን ፎልደር ሙሉ አድራሻ የሚሰጥ «ዲር» የሚባል ነገር ከ2009 ጀምሮ፣ ከፒኤችፒ 5.3 ጋር፣ መጥቷል። አይንኩት።

ያም ሆኖ ፋይሉ ሊገባ ከሆነ የፎልደሩን ፈቃድ 777 ያድርጉት። ኡቡንቱ ላይ አፓቼ የሚሠራበትን ተጠቃሚ የፎልደሩ ባለቤት አድርጎ 755 መስጠት ይበቃ ነበር፤ ግን ቁልፍ የጠፋበት ሰው አጥሩን ቢያፈርስ ምን ይለዋል? ፋይሉን ላኪው በሰጠው ስም ያስቀምጡ። በፎቶ ፈንታ በፒኤችፒ የሚያልቅ ፋይል ይዞ ቢመጣም ይቀበሉት፣ እንግዳ አይመለስም። በብሮውዘር ሲከፍተው ሰርቨርዎ የታዘዘውን ሁሉ ይፈጽምለታል።

መጠኑን ደግሞ ፈጽሞ አይጠርጥሩ። ፒኤችፒ ካልነገሩት በቀር ከ2 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ጠቅላላው ፎርም ከ8 ካለፈ የተሞላው ሁሉ ባዶ ሆኖ ይደርሳል። ከፒኤችፒ ፊት ኤንጂንክስ የተባለው ሰርቨር ካለ ገና 1 ሜጋባይት ላይ ይመልሰዋል። የዛሬ ስልክ ፎቶ ይህን በቀላሉ ያልፋል፤ እርስዎ ግን አድራሻውን መቀያየርዎን ይቀጥሉ። ደንበኛው ሲደውል «ኔትወርክ ነው» ይበሉት።