ሙት ወቃሽ አያድርገኝና…

የእግር ኳስ ክለብ ሊቀመንበር በሕይወት ሳለ ቋጣሪ ነው፤ ዋሾ ነው፤ ኳስ የማይገባው ነጋዴ ነው። ባረፈ ማግስት ግን ፋይሉ ወደ ደጋፊዎች የታሪክ ጉባኤ ይዛወራል። በጉባኤው ላይ ሁለት ዓይነት ተናጋሪ አለ። አንዱ «ነፍስ ይማር» ብሎ ይነሣና ሟቹን ከጻድቃን ተርታ አሰልፎ ይቀመጣል። ሌላው «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» ብሎ ይጀምርና ጀንበር እስክትጠልቅ ይወቅሳል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አንድ ሰው መሆናቸው የጉባኤውን ክብር አይቀንሰውም፤ እንዲያውም ምልዓተ ጉባኤ ለማሟላት ይረዳል።

በዚህ ሙያ የኤቨርተንን ደጋፊ የሚስተካከለው የለም። ጃንዋሪ 14 ቀን 2023 ኤቨርተን ሳውዝሃምፕተንን በጉዲሰን ፓርክ ሲያስተናግድ፣ የክለቡ ቦርድ አባላት «ለደኅንነታችሁ ያሰጋል» ተብለው ከገዛ ስታዲየማቸው ቀሩ። ቡድኑ 2 ለ 1 ተሸነፈ፤ ከመጨረሻው ፊሽካ በኋላም ብዙ ደጋፊ ከመቀመጫው ሳይነሣ፣ መፈክሩን እንደዘረጋ፣ ቦርዱ ይውረድልን አለ። ዘጠኝ ወር አለፈ። ሊቀመንበሩ ቢል ኬንራይት ኦክቶበር 23 ቀን በ78 ዓመታቸው በካንሰር ዐረፉ። በዚያው ስታዲየም ደጃፍ አበባና ስካርፍ ተደረደረ። በጥር «ይውጡልን» የተባሉት ሰው በጥቅምት ሲወጡ፣ ኤቨርተን እንደ እሳቸው ያለ ወዳጅ እንደማያገኝ የሚመሰክር ሰው ሞልቶ ተረፈ።

ኬንራይት የሊቨርፑል ከተማ ልጅ፣ በወጣትነታቸው «ኮሮኔሽን ስትሪት» በተሰኘው የቴሌቪዥን ድራማ የተወኑ፣ በኋላም «ብለድ ብራዘርስ» የተባለውን ሙዚቃዊ ተውኔት ለንደን ውስጥ 24 ዓመት ከመድረክ ሳያወርዱ ያቆዩ የቲያትር ሰው ነበሩ። በ1989 የክለቡን ቦርድ ተቀላቀሉ፤ በ1999 መጨረሻ ክለቡን ገዙ፤ በ2004 ሊቀመንበር ሆኑ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ደጋፊ ነበሩ፤ ሆደ ባሻም ነበሩ። ይህ የመጨረሻው ጠባያቸው ጉባኤውን ክፉኛ አከራክሯል። የቲያትር ሰው ሲያለቅስ የምሩን ይሁን የመድረኩን በምን ይታወቃል? ጉባኤው መልሱን ከደረጃ ሰንጠረዡ ላይ አግኝቶታል፦ ክለቡ አምስተኛ ከሆነ እንባው የልብ ነው፤ ዐሥራ ሰባተኛ ከሆነ ትወና ነው።

ጉባኤው ከሚያገላብጣቸው መዝገቦች አንደኛው የዌይን ሩኒ ነው። ኦገስት 2004 የ18 ዓመቱ ልጅ እስከ 27 ሚሊዮን ፓውንድ በሚደርስ ዋጋ ለማንቸስተር ዩናይትድ ተሸጠ። ወቃሹ «የክለቡን ነፍስ ሸጡ» ይላል። አወዳሹ «ሸጠው በዚያው ዓመት አራተኛ አወጡን» ይላል። እውነት ነው፤ በ2004/05 ኤቨርተን አራተኛ፣ ሊቨርፑል አምስተኛ ሆነው ጨረሱ። ችግሩ ያው አምስተኛ የወጣው ሊቨርፑል በዚያው ሜይ ኢስታንቡል ላይ የአውሮፓ ሻምፒዮን መሆኑ፣ አራተኛው ኤቨርተን ደግሞ በክረምቱ የሻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያ በቪያሪያል ተሸኝቶ መቅረቱ ነው። ኢስታንቡልንም በኬንራይት ዕዳ ላይ ያስመዘገበ ተናጋሪ እስካሁን አልተሰማም፤ ጉባኤው ግን ገና አልተዘጋም።

የስታዲየሙ መዝገብ ይበልጥ ይጥማል። መጀመሪያ ኪንግስ ዶክ የሚባል የወንዝ ዳር ቦታ ነበር። ኤቨርተን የድርሻውን 30 ሚሊዮን ፓውንድ ማምጣት ነበረበት፤ ሳያመጣ ቀረ፤ በ2003 ዕቅዱ ፈረሰ። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ የኮንሰርት አዳራሽ ቆሟል፤ ለቲያትር ሰው መታሰቢያ ቢሆን አያንስም። ቀጥሎ ክለቡን ከከተማው ወሰን አውጥቶ ከርክቢ በምትባል ከተማ ከአንድ ሱፐርማርኬት ጎን የማስፈር ሐሳብ መጣ። ይህንን ዛሬ የማያወግዝ ደጋፊ የለም። በ2007 ክለቡ ደጋፊውን ድምፅ ባሰጠ ጊዜ ግን አብዛኛው «እንሂድ» ብሎ ነበር። በኖቬምበር 2009 ዕቅዱን የጣለው የእንግሊዝ መንግሥት ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ «እንሂድ» ብሎ ድምፅ የሰጠ አንድም ደጋፊ አልተገኘም። ያን ሁሉ ድምፅ ማን እንደሰጠው ሊጠየቁ የሚችሉት ብቸኛ ሰው ደግሞ ዐርፈዋል።

አሰልጣኙን ዴቪድ ሞይስን ግን ሁለቱም ወገን ለሟቹ ያስረክባሉ። ኬንራይት ቦርዱን አሳምነው በ2002 አመጧቸው፤ አሰልጣኙም በትንሽ ገንዘብ 11 ዓመት ክለቡን ከላይኛው ሰፈር ሳያርቁ አቆዩት። ዋንጫ? በ2009 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ሉዊ ሳሃ በ25ኛው ሰከንድ ቼልሲ ላይ አስቆጠረ። የቼልሲው ድሮግባ አቻ እስኪያደርግ ኤቨርተን ሃያ ደቂቃ ያህል መራ፤ በመጨረሻ ቼልሲ 2 ለ 1 አሸነፈ። የኬንራይት ዘመን የዋንጫ ታሪክ ያ ሃያ ደቂቃ ነው።

በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ክሱ አንድ ነበር፦ ሰውየው ገንዘብ የላቸውም፤ ገንዘብ ላለው ይልቀቁ። እሳቸውም ገዢ ሀብታም ቀንና ሌሊት እየፈለጉ መሆናቸውን ሲናገሩ ኖሩ። በ2016 ፋርሃድ ሞሺሪ ገንዘብ ይዘው ከተፍ አሉ። ሰባት ቋሚ አሰልጣኝ ሾሙ፤ ለተጫዋች ግዢ ከግማሽ ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ወጣ፤ ክለቡም ውሎ አድሮ ላለመውረድ መታገል ጀመረ። ኖቬምበር 17 ቀን 2023፣ የኬንራይት አርባ ሳይወጣ፣ ኤቨርተን ከሚፈቀደው በላይ በመክሰሩ 10 ነጥብ ተቀነሰበት (በኋላ በይግባኝ ወደ 6 ወረደ)። ወዲያው አስቸኳይ ጉባኤ ተጠራ። አንዱ «ሊቀመንበሩ ማን ነበር?» አለ። ሌላው «ቼኩን የፈረመው ማን ነበር?» አለ። ለዐሥራ ሁለት ዓመት «ግዙ! ግዙ!» ሲል የከረመው ወገን በዕለቱ ሳይገኝ ቀረ።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግምት እንደ ጉባኤው አይጥምም። ኬንራይት ክለቡን የሚወዱ፣ ክለቡን ለማኖር ግን አቅም ያነሳቸው፣ አቅም አንሷቸውም ለመልቀቅ እጃቸው ያልተፈታ ሰው ነበሩ። ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ መናገር ይቻላል፤ ነገር ግን ክርክሩን በዐሥር ደቂቃ ስለሚጨርሰው ማንም አይመርጠውም።

ሊቀመንበርን በሕይወት ሳለ ወቅሶ ከሞተ በኋላ የማወደሱን መንገድ በርሚንግሃም ላይ አስቶን ቪላዎች ቀድመው አቅንተውታል። ዳግ ኤሊስ ሁለት ጊዜ ሊቀመንበር ሆነዋል። ክለቡ በ1982 ባየርን ሙኒክን ረትቶ የአውሮፓ ዋንጫ ሲያነሣ በቦርዱ ውስጥ አልነበሩም፤ በ1987 ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን ሲወርድ ግን ነበሩ። ገና ወንበሩ ላይ ሳሉ ከስታዲየሙ አንዱ ክፍል በስማቸው ተሰየመ፤ ሰው ሞቶ እስኪመሰገን መጠበቅ ለማይሆንለት ይህ ጥሩ ዘዴ ነው። አሰልጣኝ በማባረር የታወቁ ስለነበሩ «ገዳዩ ዳግ» ይባሉ ነበር። በ2006 ለአሜሪካዊው ራንዲ ለርነር ሸጡ፤ በ2016 ቪላ ወረደ፤ በ2018 በጋ ክለቡ ገንዘብ አልቆበት ሊፈርስ ተቃረበ። ኤሊስ በዚያው ዓመት ኦክቶበር በ94 ዓመታቸው ሲያርፉ ቋጣሪነታቸው ስሙ ተቀይሮ «አስተዋይነት» ሆኖ ነበር።

አዲስ አበባ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ የኤቨርተን ደጋፊ ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ጉባኤው ግን አለ። የአርሰናሉ ወገን ኬንራይትን የሚያነሣቸው በ2011 የዝውውር መስኮቱ በተዘጋበት ቀን ሚኬል አርቴታን ስለሸጡለት ነው፤ እሱ ዘንድ ቅዱስ ናቸው። የዩናይትዱ ወገን ግን የሐዘን ወጉ አልደረሰውም። ክለቡን በ2005 በብድር ገዝተው ብድሩን ክለቡ ላይ የጫኑት ማልኮም ግሌዘር በ2014 ሞተዋል። ልጆቻቸው ግን ወንበሩን ስላልለቀቁ «ለካስ ጥሩ ሰው ነበሩ» ማለት የሚቻልበት ቀን አልመጣም። ውዳሴ እንዲጀመር የሊቀመንበሩ ሞት ብቻ አይበቃም፤ ክለቡ ለሌላ ሰው ተሸጦ የባሰ መምጣት አለበት።

ኤቨርተን በዲሴምበር 2024 ለፍሪድኪን ግሩፕ ተሸጠ። በወሩ ሞይስ ተመልሰው መጡና ክለቡን ከመውረድ አተረፉት፤ የኬንራይት ፋይልም «ያኔስ ማን አመጣቸውና!» በሚል አዲስ ማስረጃ ተከፈተ። በ2025 ቡድኑ ብራምሊ ሙር ወደብ ላይ ወደ ተሠራው አዲስ ስታዲየም ገባ። ግንባታው የተጀመረው በሞሺሪ ዘመን ነው፤ ስለዚህ የእሳቸው ምስጋና ከወዲሁ ተረቅቆ ተቀምጧል። ሰውየው በሕይወት ስላሉ ግን ለጊዜው የሚደርሳቸው ስድቡ ብቻ ነው።