ባሌስትራ እየደረብን እስከ መቼ?

አርባ ምንጭ አጠገብ ካለችው ላንቴ ሙዝ የምንጭን ሹፌሮች ስንገናኝ ወሬያችን አንድ ነው። የልጆቻችንን ጤና እንኳ በቅጡ ሳንጠያየቅ «ስንት ባሌስትራ ደረብክ? ከየት ገዛኸው? ስንት ጉዞ ቆየልህ?» እንባባላለን። ኧረ ሰለቸን!

ነገሩ የሚጀምረው ማሳው ዳር ነው። ጥሬው ሙዝ በሸክም ወጥቶ፣ ቅጠል እየተነጠፈለት ሲደረደር የአይሱዙው ኋላ ቀስ በቀስ ይተኛል። ኋላው ሲተኛ ፊቱ ሽቅብ ያንጋጥጣል። የፊት ጎማው ጭነት ስለሚቀልለት መሪው እጅ ላይ ይልማል፤ መብራቱም ሰማይ ሰማይ እያየ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ያጠፋል። ማታ ብርብርን አልፈን ወደ ሁምቦ ስንነዳ በዚህ መብራት ያልተረገምን ማን አለ? እናም ጭነቱን የሚሸከመውን ተደራራቢ ብረት፣ ባሌስትራውን፣ ለማጠንከር ጋራዥ እንገባለን።

እዚያም ምክሩ እንደ መካሪው ነው። አንዱ «ያለውን አስቀጥቅጠህ አጉብጠው» ይላል። ብረቱ ግን ፋብሪካ ውስጥ በልክ ግሎና ቀዝቅዞ ያገኘውን ጥንካሬ የቀጥቃጭ እሳት ያጠፋበታል፤ ብዙም ሳይቆይ መልሶ ይተኛል። ሌላው «አሮጌ ይበቃሃል» ይላል። እኔ ባለፈው ዓመት አዲስ ነው ተብዬ የገዛሁት ከሌላ መኪና ወጥቶ ቀለም የተቀባ ነበር። በሦስተኛው ጉዞ መሐሉን ተሰበረ። ሙዙ ላዬ ላይ እየበሰለ መንገድ ዳር ሁለት ቀን አደርኩ።

ሦስተኛው ደግሞ «ሁለት ሦስት ጨምርበት» ይላል። ጨመርን። አሁን መኪናው አይተኛም፤ ግን አይለጠጥምም። እያንዳንዱ ጉድጓድ በቀጥታ ወደ ሙዙ ይወጣል። ጥሬ ሙዝ ሲመታ ወዲያው አያሳይም፤ ሲበስል ነው የሚጠቁረው። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን አዲስ አበባ ኃይሌ ጋርመንት ገበያ ስናደርሰው ነጋዴው ከዋጋው ይቀንሳል። ዓመት ሙሉ ያጠጣው ገበሬ እኛን ይወቅሳል፣ እኛ መንገዱን።

የሚሻለው ከዋናው ባሌስትራ በላይ የሚቀመጠው ረዳት ባሌስትራ ነው። ጫፎቹ ባዶ መኪና ላይ ምንም አይነኩም፤ ጭነት ሲመጣ ብቻ ቻሲው ላይ ካለው መደገፊያ ጋር ተገናኝተው ሥራ ይጀምራሉ። ባዶውን ሲመለስ መኪናው ልስላሴው አይጠፋም። ግን ክፍተቱ ተለክቶ መገጠም አለበት፤ ስንቱ ጋራዥ ይለካል?

ይህም ቢሆን መድኃኒት አይደለም። ባሌስትራ የመኪናውን አቋም ያቃናል እንጂ አቅሙን አይጨምርም። ፍሬኑ ያው ፍሬን፣ ጎማው ያው ጎማ፣ አክስሉም ያው አክስል ነው። እኛ ግን ቀጥ ብሎ መቆሙን አይተን ሌላ አሥር ኩንታል እንጭንበታለን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው፤ ጥፋቱ የጭነቱ ሆኖ ሳለ ባሌስትራውን እንወቅሳለን።

ጭነት መንገዱንም ይጎዳል። ምን ያህል እንደሚጎዳው ለማወቅ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 ኢሊኖይ ውስጥ መንገድ ሠርተው፣ የጫኑ መኪኖችን ቀን ከሌት እያመላለሱ ፈትነው ነበር። ከዚያ ፈተና እንደተገኘው፣ አክስል ላይ ያለው ጭነት እጥፍ ሲሆን አስፋልቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት 16 እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ አንድ አምስተኛ ብቻ ቢጨመር እንኳ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ያን የምንረግመውን ጉድጓድ ማን ቆፈረው? ጭነታችን መንገዱን ይሰብራል፣ መንገዱ ባሌስትራውን ይሰብራል፣ እኛም ሌላ ደርበን መልሰን እንጭናለን።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ብቻዬን ላቆመው አልችልም። እኔ በልኩ ልጫን ብል፣ ጎረቤቴ ትርፉን ጭኖ በኩንታል ያነሰ ዋጋ ይጠራል፤ ሥራው ወደ እሱ ይሄዳል። ስለዚህ ልኩ መወሰን ያለበት ላንቴ ላይ፣ ሙዙ ሲመዘን፣ ገበሬውም ነጋዴውም ሹፌሩም ባሉበት ነው። እስከዚያ ድረስ ነገም እጭናለሁ፣ ነገም ጎንበስ ብዬ ኋላውን አያለሁ። ደክሞኛል፤ መኪናውም ደክሞታል።